ከንፈሩ የተሰነጠቀው የቁረይሽ ኸጢብ



ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ከዒሻ ሶላት በኋላ የመስጂዱን መብራት እያጠፋፋሁ ሳለ አንድ ወጣት ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ቆሞ አየሁት። እዚሁ ሐዋሳ ባጃጅ የሚነዳ፣ ካገባ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። «ኡስታዝ፣ ትንሽ ላስቸግርዎት» አለኝና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የባለቤቱ የአልትራሳውንድ ውጤት ነበር። እርግዝናዋ 22 ሳምንት ሆኖታል። ሐኪሟ የጽንሱ የላይኛው ከንፈር በአንድ በኩል መሰንጠቁን፣ ላንቃውም ሳይሰነጠቅ እንዳልቀረ ነግራቸዋለች።

ልጁ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛ፣ «ይህ በኛ ላይ የመጣ ቅጣት ነው?» ሁለተኛ፣ «ቢታከም የአላህን ፍጥረት መቀየር አይሆንብንም?» ሦስተኛውን ሲጠይቅ ድምፁ ወረደ። «ወንድ ከሆነ አዛን ማድረግ፣ ቁርኣን መቅራት ይችላል?»

እኔ ምን አልኩት? «ሰብር አድርጉ ወንድሜ፣ ቀደር ነው» አልኩት። «እሺ ኡስታዝ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። ቤቴ ገብቼ ስተኛ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ ሦስት ጥያቄ ጠይቆኝ እኔ የመለስኩለት በአንድ ቃል ነው። ቃሉ ትክክል ነው፤ መልስ ግን አልነበረም። በነጋታው በመድረሳ ዘመኔ የቀራኋቸውን ኪታቦች ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር እኔኑ አስገረመኝ። ስንቴ አንብቤው ሳላስተውለው ያለፍኩት ታሪክ ነው። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ላካፍል።

*ዐረቦች ስም ነበራቸው*

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። ከከንፈር ወይም ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር መወለድ አዲስ በሽታ አይደለም። የድሮ ዐረቦች ያውቁታል፤ ለየዓይነቱም ቃል ነበራቸው። የላይኛው ከንፈሩ የተሰነጠቀውን ሰው «አዕለም»፣ የታችኛው የተሰነጠቀውን «አፍለሕ» ይሉት ነበር።

ሁለተኛውን ቃል ልብ በሉት። «ፈለሐ» ማለት ሰነጠቀ ማለት ነው። ገበሬ በዐረብኛ «ፈላሕ» የተባለው መሬቱን ሰንጥቆ ስለሚያርስ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ሙአዚኑ «ወደ ፈላሕ ኑ» ብሎ ወደ ስኬት ሲጠራንም የምንሰማው ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። መሬት ካልተሰነጠቀ አያበቅልም። ይህ የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ ሑክም አናወጣበትም። ግን ቋንቋው ራሱ ስንጥቅን ከርግማን ጋር እንዳላቆራኘው ያሳያል።

በዚህ ስም ከሚታወቁት አንዱ ደግሞ ግማሽ ደሙ የኛው ነው። ከእስልምና በፊት በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የበኒ ዐብስ ጀግናና ገጣሚ ዐንተራ ኢብኑ ሸዳድ እናቱ ዘቢባ የምትባል ሐበሻ ባሪያ ነበረች። ዐረቦች በከንፈሩ ስንጥቅ ምክንያት «ዐንተራ አል-ፈልሓእ» ብለው ይጠሩት ነበር። በቆዳው ጥቁረትም፣ በእናቱ ባርነትም፣ በከንፈሩም ተሰድቧል። አባቱ እንኳ ልጄ ነው ለማለት ጊዜ ወስዶበታል። ዛሬ ግን የዐረብ ሥነ ጽሑፍ ሲነሳ ከሙዐለቃት ባለቤቶች አንዱ ሆኖ ስሙ ይጠራል። የሰደቡትን ሰዎች ስም የሚያስታውስ የለም።

*የቁረይሽ ኸጢብ*

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። ሱሀይል ኢብኑ ዐምር የመካ ታላቅ ሰው ነበር። የቁረይሽ ኸጢብ ይባላል። ማይክሮፎን፣ ጋዜጣ፣ ስልክ በሌለበት ዘመን ኸጢብ ማለት የጎሳው አንደበት ነው። ጦርነት ሲቀሰቀስም፣ እርቅ ሲወርድም ሰዎችን የሚያነሳውም የሚያስቀምጠውም እሱ ነው። ይህ ሰው ከንፈሩ የተሰነጠቀ ነበር። ታላቁ የቋንቋ ሊቅ አል-ጃሒዝ ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው «አል-በያን ወት-ተብዪን» በተሰኘው ኪታቡ ይህንኑ አንስቶታል።

ሱሀይል በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 624) በበድር ዘመቻ ተማረከ። ያኔ ገና ሙስሊም አልነበረም፤ በንግግሩ በእስልምና ላይ ብዙ የቀሰቀሰ ሰው ነው። በሲራ እንደተዘገበው ዑመር (ረ.ዐ) የፊት ጥርሶቹን ላውልቃቸው፣ ከእንግዲህ በየትም ቦታ ቆሞ በርስዎ ላይ እንዳይናገር ሲል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ፈቃድ ጠየቀ። ዑመር ለምን ጥርሱን እንደመረጠ ጃሒዝ ያብራራል፦ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሰው የፊት ጥርሱንም ካጣ ቃላትን መያዝ አይችልም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሱሀይል ያንን አንደበት የያዘው በተሰነጠቀ ከንፈርና በጥርሱ አግዞ ነበር ማለት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልፈቀዱም። እኔ የሰው አካል አላጎድልም፣ ነቢይ ብሆንም አላህ የኔን ያጎድልብኛል አሉ። ደግሞም ይህ ሰው አንድ ቀን የማትነቅፈው አቋም ይቆም ይሆናል ሲሉ ለዑመር ነገሩት። አስቡት፤ ጠላት ነው፣ ምርኮኛ ነው፣ አንደበቱ መሣሪያው ነው። ከንፈሩ ጎደሎ ነውና ቢጨመርበት ምን ይደንቃል አልተባለም።

ከአራት ዓመት በኋላ በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 628) ቁረይሾች ለሑደይቢያ ስምምነት የላኩት ይህንኑ ሰው ነው። ከፊሉ በሩቁ ሲመጣ ሲያዩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስሙ ከገርነት የመጣ ነውና ነገራችሁ ገር ሆነላችሁ አሉ። «ረሱሉላህ» የሚለው ቃል ከውሉ እንዲወጣ የተከራከረውም እሱ ነው። የመካ ሰዎች ከነቢዩ ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገርላቸው ሰው ሲፈልጉ ከንፈሩ ደህና የሆነ ሌላ ሰው አልመረጡም።

መካ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትከፈት ሱሀይል ሰለመ። ከዚያ በ11ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 632) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኺራ ሄዱ። ዐረቢያ ተናወጠች። መካም ተናወጠች፤ የከተማዋ አስተዳዳሪ ዐታብ ኢብኑ አሲድ እንኳ ፈርቶ እንደተደበቀ ይዘገባል። በዚያ ሰዓት ሱሀይል በመካ ሰዎች ፊት ቆመ። አቡበክር (ረ.ዐ) መዲና ላይ ከተናገሩት ጋር የሚመሳሰል ንግግር አደረገ። የነቢዩ ሞት እስልምናን ጥንካሬ እንጂ ሌላ እንዳልጨመረለት ነገራቸው። ሕዝቡ ተረጋጋ። ዑመር ያንን ንግግር ሲሰማ የበድሩ ቀን የተነገረው ትዝ አለው። ሊነቀሉ የነበሩት ጥርሶች፣ የተሰነጠቀው ከንፈር፣ መካን ያረጋጉት እነሱ ሆኑ።

ለኛ ለሐበሾች ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለው። የሱሀይል ልጅ ሰህላ ከባሏ ከአቡ ሑዘይፋ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደደች፤ ልጇ ሙሐመድ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ምድር ነው። የሱሀይል ወንድም ሰክራንም ከባለቤቱ ከሰውዳ ጋር ወደዚሁ ምድር መጥቷል። ሰውዳ በኋላ የሙእሚኖች እናት የሆነችው ናት። ስለዚህ ከንፈሩ የተሰነጠቀው የቁረይሽ ኸጢብ የልጅ ልጁ የኛው አገር ልጅ ነው።

*«ቅጣት ነው?»*

ወደ ልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ እንመለስ። እናቱ «ነፍሰ ጡር ሆና የማይታይ ነገር አይታ ነው» አሉ። ጎረቤት «ቡዳ ነው» አለ። አክስቷ «የተረገመ ዘር አለ፣ ይጣራ» አሉ። ልጅቷ ቡና ለመጠጣት ጎረቤት መሄድ አቆመች።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። በሜክሲኮ ጥንታውያን አዝቴኮች ጨረቃ ስትጋረድ ነፍሰ ጡር ካየች ልጇ ከንፈሩ ተቆርሶ ይወለዳል ብለው ያምኑ ነበር። በሕንድም ግርዶሽ ሲሆን ነፍሰ ጡር ከቤት እንዳትወጣ የሚከለክሉ እስከ ዛሬ አሉ። በአውሮፓ ደግሞ ጥንቸል መንገድ አቋርጣባት ነው ይሉ ነበር። የትም አገር ተጠያቂዋ እናቲቱ ናት።

እስልምና በዚህ ላይ ግልጽ አቋም ያሳየበት ቀን በታሪክ ተመዝግቧል። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃን ልጅ ኢብራሂም ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ስሌት ቀኑን እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 632 ያደርገዋል። ሰዎች ፀሐይ ለኢብራሂም ሞት ተጋረደች አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዘን ላይ ነበሩ፤ ወሬው ደግሞ ለሳቸው ክብር የሚመስል ነው። ዝም ቢሉ ማን ይቃወማል? አላለፉትም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ ናቸው፣ ለማንም ሞትም ሆነ ልደት አይጋረዱም ብለው አስተካከሉ። «ለልደትም» ማለታቸውን ያዙ። በሰማይ ያለው ነገር የሕፃን ከንፈር አይቆርጥም።

ታዲያ ምንድን ነው? ሐኪሞች የሚሉት እንዲህ ነው። የሕፃን ፊት በእናቱ ማሕፀን ውስጥ ከተለያየ አቅጣጫ እያደገ መጥቶ መሐል ላይ ይገጥማል። ከንፈር የሚገጥመው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት፣ ላንቃ ደግሞ ከ6ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። መግጠሙ ካልተሟላ ስንጥቁ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ በቅጡ አላወቁም። በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ይወለዳል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም፤ የዘር ውርስና ሌሎች ነገሮች ተደራርበው ነው። ሲጋራ፣ ከእርግዝና በፊት የነበረ የስኳር በሽታ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ዕድሉን እንደሚጨምሩ ታውቋል። የዘር ውርሱን ለማጥናት የየካቲት 12 ሆስፒታሉ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዶክተር መኮንን እሸቴ ከናይጄሪያዊው ተመራማሪ አዚዝ ቡታሊ ጋር ሠርተዋል። ከጋና፣ ከናይጄሪያና ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች የተሰበሰበው ናሙና የተጠናበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። አክስትየው ዘር ይጣራ ያሉት፣ እንዲህ በላቦራቶሪ ሲጣራ እውቀት ነው። ሰውን ለማዋረድ ሲጣራ ግን ጃሂሊያ ነው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ከዘመድ አንዱ «ሳይወለድ ቢቀር አይሻልም?» ብሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 መካ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እርግዝናው 120 ቀን ከሞላው በኋላ ጽንሱ ጉድለት አለበት ተብሎ ማስወረድ እንደማይፈቀድ ወስኗል፤ የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር። የነዚህ ልጆች እርግዝና ከዚያ አልፏል። የከንፈርና የላንቃ ስንጥቅ ብቻውን ደግሞ ሕይወት የሚያሳጣ ሳይሆን የሚታከም ነገር ነው። አልትራሳውንድ ይህን በማሕፀን ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ ነው። ሐኪሟ የነገረቻቸው እንዲዘጋጁ ነው። ልብና ሌላው አካል ደህና መሆኑን ለማየትም ድጋሚ ምርመራ ቀጥራቸዋለች፤ ቀጠሮውን አትቅሩ አልኳቸው።

*«ፍጥረት መቀየር አይሆንም?»*

ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ የሚባል ሶሐባ ነበር። በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆረጠ። የብር አፍንጫ አሠራ፤ ሸተተበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ አፍንጫ እንዲያሠራ አዘዙት። አቡዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ነው። ወርቅ ለወንድ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለፊት ማቃኛ ሲሆን ግን ተፈቀደለት።

የኛ ሊቃውንትም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በአንደሉስ የኖረው አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (እ.ኤ.አ. 936 – 1013) «አት-ተስሪፍ» በተባለው 30 ክፍል ባለው ኪታቡ ስለ ቀዶ ሕክምና ሲጽፍ፣ አፍንጫ፣ ከንፈርና ጆሮ ተቀድደው ሲለያዩ እንዴት እንደሚሰፉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። መሣሪያዎቹንም በሥዕል አሳይቷል። ኪታቡ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ተማረበት።

ከሱም በፊት ቻይና ውስጥ በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይ ዮንግዢ የሚባል ድሃ ወጣት ነበር። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ነው። አንድ ገዥ ዘንድ ጥሩ ሐኪም አለ ሲባል ሰምቶ ሄደ። ሐኪሙ ቆርጬ እሰፋዋለሁ፣ ግን መቶ ቀን ሳትስቅና ሳትናገር ገንፎ ብቻ መጠጣት አለብህ አለው። ወጣቱ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ከምኖር መቶ ቀን ምን አላት ብሎ ተቀበለ። ዳነ፤ በኋላም ትልቅ ሹመት ላይ ደረሰ። በታሪክ ተመዝግበው ከሚታወቁት የከንፈር ስንጥቅ ሕክምናዎች ቀደምቱ ይህ ነው። ላንቃን በዘመናዊ መንገድ የመስፋት ዘዴ በርሊን ላይ በላንገንቤክ እ.ኤ.አ. በ1861 ታተመ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበትን የከንፈር አሰፋፍ ደግሞ አሜሪካዊው ሚላርድ በ1950ዎቹ አስተዋወቀው።

ፊቅሁም በስም ጠቅሶ ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያ ፑትራጃያ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ስለ ማስዋቢያ ቀዶ ሕክምና ሲወስን፣ ከተፈቀዱት ውስጥ ከተወለዱ ጀምሮ ያሉ ጉድለቶችን ማስተካከል ብሎ የከንፈር መሰንጠቅን በምሳሌነት ጠርቷል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ይህ የተከለከለው ፍጥረትን መቀየር አይደለም። ልጅህ ጡት እንዲጠባ፣ እንዲናገር፣ ጆሮው እንዲሰማ ማሳከም ነው።

በአገራችንስ? አዲስ አበባ የሚገኘው የየካቲት 12 ሆስፒታል ለዓመታት የዚህ ሕክምና ዋና ማዕከል ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒውዮርክ የተመሠረተው ስማይል ትሬይን የአገር ውስጥ ሐኪሞችን እያሠለጠነና የቀዶ ሕክምናውን ወጪ እየሸፈነ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ፕሮጀክት ሐረር ስሙ እንደሚነግረን ከሐረር ተነስቶ፣ ከሩቅ ገጠር ታካሚዎችን እየፈለገ ወደ አዲስ አበባ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም ይህን ሕክምና ይሰጣል። እነዚህ ከመስፋፋታቸው በፊት የተወለዱ ብዙዎች በነጠላ ወይም በሻርፕ አፋቸውን ሸፍነው አድገዋል፤ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቀርተዋል፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ሆኗቸው የታከሙም አሉ። የዛሬው ልጅ ግን ሳይወለድ ታውቆለታል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባትየው ባጃጅ ነጂ ነውና የመንገዱን ነገር ለኛ ተውልን።

*«ቁርኣን መቅራት ይችላል?»*

ተጅዊድ የቀራ ሰው ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ከከንፈር የሚወጡ ሑሩፎች አራት ናቸው፦ ፋ፣ ባ፣ ሚምና ዋው። ቢስሚላህ የምንለው በባ ነው፤ ሁለቱ ከንፈሮች ካልገጠሙ ባ የለም። ላንቃ ደግሞ አፍንና አፍንጫን የሚለየው ጣሪያ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ አየሩ ወደ አፍንጫ ያመልጣል፤ በሚምና በኑን ብቻ መሰማት የነበረበት ጉና በሁሉም ፊደል ይሰማል።

ይህ ሊስተካከል የሚችል ነው። ከንፈሩ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ላንቃው ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይሰፋል። ላንቃ ልጁ በደንብ መናገር ሳይጀምር እንዲሰፋ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ከዚያም በኋላ ንግግር የሚያለማምድ ባለሙያ ሊያስፈልገው ይችላል። ደረሳ ቤት ኡስታዝ ፊት ተቀምጠን አንዱን ሐርፍ ስንት ጊዜ እየደጋገምን እንደተማርን እናስታውስ። ልፋቱ ከዚያ ጋር ይቀራረባል።

ሙሉ በሙሉ ባይስተካከልስ? ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ አላህን ለምነዋል፤ ወንድማቸው ሃሩን ከኔ ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ነው ብለዋል። ፊርዐውንም ንግግራቸውን ይሳለቅበት እንደነበር ቁርኣን ይነግረናል። አላህ ግን ያናገረው እሳቸውን ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ደግሞ ቁርኣንን እየተቸገረ፣ እየተንገታገተ የሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ አለው።

እዚህ ላይ የቢላልን ታሪክ የሚያነሱ አሉ። «ቢላል ሺንን ሲን ብሎ ያነብ ነበር፣ አላህ ዘንድ ግን የቢላል ሲን ሺን ናት» የሚለውን ማለት ነው። ወንድሞቼ፣ ይህ መሠረት የለውም፤ ኢብኑ ከሲርም ይህንኑ ተናግሯል። ቢላል ለአዛን የተመረጠው ድምፁ ያማረና ሩቅ የሚደርስ ስለነበር ነው። ለማጽናናት ብለን የፈጠራ ወሬ አንጨምር። የሱሀይል እውነተኛ ታሪክ ይበቃናል።

*ላንቃ የሚከበርበት ሱና*

በመጨረሻ አንድ ነገር። ሕፃን ሲወለድ ቴምር አለስልሶ አፉ ውስጥ መቀባትን «ተሕኒክ» እንለዋለን። ቃሉ የመጣው «ሐነክ» ከሚለው ነው፤ ላንቃ ማለት ነው። በመዲና ለሙሃጂሮች መጀመሪያ የተወለደው ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር ነው። ከመወለዱ በፊት ሙስሊሞች ድግምት ተደርጎባቸዋል፣ አይወልዱም የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። እናቱ አስማእ ሕፃኑን ይዛ መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቴምር አላመጡለት፣ ላንቃውን ቀቡት፣ ዱዓ አደረጉለት። ለወሬው የተሰጠው መልስ ሕፃን ማቀፍ ነበር።

ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ሲሆን ግን ሐኪም ሳይጠየቅ ቴምር አይሰጠው። ቁራጩ ወደ አፍንጫው ወይም ወደ መተንፈሻው ሊገባ ይችላል። ሱናው ሕፃኑን ለመጉዳት አልመጣም፤ ዱዓውና ስሙ ይበቃዋል። እንደዚሁ ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት ስቦ መጥባት ይከብደዋል። እናቱ ወተቷን አልባ፣ ሕፃኑን ቀና አድርጋ ይዛ፣ በሚጨመቅ ጡጦ ወይም በንጹሕ ትንሽ ኩባያና ማንኪያ ቀስ አድርጋ ትሰጠዋለች፤ አሠራሩን ገና ሳትወልድ ከነርሶቹ ትማር። በዚህ ሰዓት ትልቁ አደጋ ረሃብ ነው። ኪሎ ያልጨመረ ሕፃን ቀዶ ሕክምናው ይዘገይበታል። ክብደቱ በየጊዜው ይለካ።

ይህን ሁሉ ለወጣቱና ለባለቤቱ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። አማቱም ተቀምጠው ሰሙ። የሱሀይልን ታሪክ ስጨርስ ልጅቷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «እናቱ ግን ምን ብላ ይሆን?» መልስ አልነበረኝም። አማቷ መለሱላት። «ምን ትላለች፣ አጥብታው አሳድጋዋለች እንጂ» አሉ። ቡና ያፈሉት የዚያን ቀን እሳቸው ናቸው።

ልጁ ገና አልተወለደም። ቀኑ ከረመዳን በኋላ ነው። ወንድ ከሆነ ሱሀይል፣ ሴት ከሆነች ሰህላ ሊሏት አስበዋል።

እናንተ በየከተማው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከናንተ የምጠይቀው ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ ጎረቤት ካላችሁ ገብታችሁ ዘይሩ፤ ሕፃኑን እቀፉ፤ ፊቱን ሸፍኑት አትበሉ። እናቲቱን ምን አይተሽ ነው ብላችሁ አትጠይቁ። ያላሳከመ ትልቅ ሰው ካወቃችሁ ሕክምናው በነጻ እንደሚገኝና ዕድሜ እንደማያልፍበት ንገሩት፤ በአቅራቢያችሁ ካለው ሆስፒታል ጀምራችሁ ጠይቁለት። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ ካለ የመንገድና የማረፊያ ነገር ላይ ተባበሩ። ቀዶ ሕክምናው ነጻ ሆኖ ሳለ በትራንስፖርት ምክንያት የሚቀር ሰው ሊኖር አይገባም።

አላህ ለነፍሰ ጡሯ እህታችን በሰላም መገላገልን፣ ለልጇ ዓፊያን፣ ለኛም ለጠየቀን ሰው በቅጡ መመለስን ይወፍቀን። አሚን።